አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ፦ የኅብረት ስምምነት ምንድን ነው?

በሐርጌሳ ከምንኖረው ስደተኞች ብዙዎቻችን በሱቅ፣ በመጋዘን፣ በሻይ ቤትና በግንባታ ተቀጥረን እንሠራለን። ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት የምንነጋገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳችን ለየብቻችን፣ በቃል፣ ያውም ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ሌላ መንገድ ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትርጉሙ

የኅብረት ስምምነት ማለት የሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪ ወይም ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር ተደራድሮ በጽሑፍ የሚፈራረመው ውል ነው። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ከአደጋ መጠበቂያና የቅሬታ አቀራረብ ይገቡበታል። ከተራ የቅጥር ውል የሚለየው ለአንድ ሰው ሳይሆን በድርጅቱ ላሉ ሠራተኞች የሚያገለግል በመሆኑ ነው።

አሠሪው ለምን ይስማማል?

ሠራተኛው የሚጠቀመው ግልጽ ነው። አሠሪውም የራሱ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሥራው በድንገት አይቋረጥበትም። ሁለተኛ፣ ወጪውን አስቀድሞ ያውቃል። ሦስተኛ፣ በአንድ ገበያ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ ተመሳሳይ ደመወዝ ከከፈሉ፣ ሠራተኛውን በድሎ ዕቃ የሚያረክስ ነጋዴ ሐቀኛውን ከገበያ አያስወጣውም።

ለዚህ ስዊድን ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ አገር በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የሱቅና የመጋዘን ሠራተኞችን ደመወዝ የሚወስኑት ሃንዴልስ የተባለው የንግድ ሠራተኞች ማኅበርና ስቬንስክ ሃንዴል የተባለው የነጋዴ አሠሪዎች ድርጅት ተደራድረው ነው። ይህ ልማድ እንዲሁ አልመጣም። ከብዙ የሥራ ማቆምና የሥራ መዝጋት በኋላ፣ በ1938 የአገሪቱ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ድርጅቶች ሳልትሾባደን በተባለች ስፍራ የድርድር ሥርዓት ተፈራረሙ። በመላው አውሮፓ ደረጃም የነጋዴዎቹ ድርጅት ዩሮኮሜርስና የንግድ ሠራተኞች ማኅበራት በ1999 የግዳጅ ሥራንና የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ የሚቃወም፣ የመደራጀት መብትንም የሚያከብር የጋራ ስምምነት ተፈራርመዋል።

የአገራችን ታሪክ

በኢትዮጵያ በ1963 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ማኅበር ማቋቋምንና በኅብረት መደራደርን ፈቀደ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹም መካከል ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያስተዳድረው የነበረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ይገኙበታል። በመጋቢት 1974 ኢሠአማ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አደረገ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ወደ ሥራ ተመለሰ።

በ1975 ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ፤ ኢሠአማንም አፈረሰ። በ1977 በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ይሁንና አሠሪው መንግሥት፣ ማኅበሩም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለ ነበር እውነተኛ ድርድር ሊኖር አልቻለም። ከዚህ የምንማረው፣ ስምምነት የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው እግር ሲቆሙ ብቻ መሆኑን ነው።

በ1993 አዋጅ ቁጥር 42 ሕጉን ለወጠ። በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች በሆኑ ትንንሽ ሱቆች የሚሠሩትም ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ሆነው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ለድርድር የተጠራ ወገን በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሥራ ለማቆምም ቢያንስ ከማኅበሩ አባላት 2/3ኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰንና የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ይኸውም ንግግር ከአድማ በፊት እንዲቀድም ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህ አዋጅ ድንበር አይሻገርም። በሐርጌሳ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ሕግ ይጠይቅ። የድርድሩ ዘዴ ግን በየትም ቦታ ይሠራል።

1. ከአሠሪው በፊት እርስ በርሳችሁ ተስማሙ። ጥያቄያችሁ ጥቂትና ግልጽ ይሁን።
2. ሁለት ወይም ሦስት ተወካይ ምረጡ። ቢያንስ አንዱ ሶማልኛ አጣርቶ የሚናገር ይሁን።
3. በጋራ ጥቅም ጀምሩ። በሚያዝያ 2022 የዋሂን ገበያ ሲቃጠል ባለሱቁ ሸቀጡን፣ ተቀጣሪው እንጀራውን በአንድ ሌሊት አጡ። ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦና ስለ እሳት ማጥፊያ የሚነሣ ሐሳብ ሁለቱንም ያግባባል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደመወዝ መነጋገር ይቀላል።
4. የተስማማችሁበትን ጻፉ፦ የደመወዙን መጠን፣ በሽልንግ ወይም በዶላር መሆኑን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ በሕመም ጊዜ የሚሆነውን። በምስክር ፊት ፈርሙ፤ ቅጂውን ሁለታችሁም ያዙ። ደመወዝ በዛድ ሲከፈል ስልኩ ላይ የሚመጣውን መልእክት አታጥፉ፤ ማስረጃ ነው።
5. ቅር ያሰኛችሁ ነገር ሲኖር በመጀመሪያ ለማን እንደሚነገር፣ ካልተፈታም ማን እንደሚያስማማ አስቀድማችሁ ወስኑ።

በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ እኅቶቻችን ብቻቸውን ቢሆኑም ተራ ቁጥር 4 እና 5 ለእነርሱም ይሠራሉ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የኅብረት ስምምነት ከአንድ ሰው የቅጥር ውል በምን ይለያል?
ለ. ከ1977 በኋላ በኢትዮጵያ እውነተኛ ድርድር ያልነበረው ለምንድን ነው?
ሐ. በምትሠሩበት ቦታ እናንተንም አሠሪውንም የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦችን ጻፉ። በመጀመሪያ የምታነሡት የትኛውን ነው? ለምን?