የራያ ጆሮ ዐረብኛን አይፈራም

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት የራያዋን ጎብዬ ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። ሳዑዲን አስቦ በዚህ መንገድ የወጣው የራያ ወጣት ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ወደዚሁ ቆላ የገባው ጥቂት አልነበረም። ከተመለሱት መካከል ዓመታት ኖረው ዐረብኛቸው "መፊ" ("የለም") እና "ኸላስ" ("በቃ") ላይ የቆመባቸው አሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አሠሪው ለቤት ሠራተኛና ለእረኛ የሚናገረው ቋንቋ ራሱ የተቆራረጠ ነው። "አና መፊ ሩሕ" ለባዕድ ተቆርሶ የሚሰጥ ንግግር ነው፤ ሳዑዲዎች እርስ በርስ ሲያወሩ "ማ አሩሕ" ይላሉ፤ "አልሄድም" ማለት ነው። ሙሉው ቋንቋ ያለው እነሱ በራሳቸው መካከል በሚያወሩበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ፣ የጎብዬ ልጆች፣ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ስልክ ይገኛል።

የምትሰሙትን ግን ምረጡ። አልጀዚራ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዜና የሚያነበው በፉስሓ፣ ማለትም በመጽሐፉ ዐረብኛ ነው። የተከበረ ቋንቋ ነው፤ የጅዳ ባለሱቅ ግን እንዲያ አያወራም። ብዙዎቹ የቱርክ ድራማዎች ለዐረቡ ተመልካች የደረሱት በሶሪያ ዘዬ ተተርጉመው ነው፤ የግብፅ ፊልም ደግሞ የካይሮን አፍ ያስተምራል። ሳዑዲ ለመሄድ ያሰበ ሳዑዲዎች በራሳቸው የሚስቁበትን ይስማ። "ጣሽ ማ ጣሽ" የተባለው የሳዑዲ አስቂኝ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በረመዳን ሲታይ ኖሯል። ልመናው፣ ቁጣው፣ ሽንገላው፣ ይቅርታው ሁሉ ሰው በየቤቱ በሚናገረው አፍ ነው።

እናንተ ደግሞ ከባዶ አትነሱም። ጎብዬ ላይ ቁርዓን የቀራ ልጅ "ቁል" የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ "በል" ማለት ነው። ድራማው ላይ "ጉል" ሲባል ሲሰማ ግን አዲስ ቃል ይመስለዋል። ያው ነው፤ የሳዑዲ አፍ "ቀ"ን "ገ" ያደርጋታል። "ቀልብ" "ገልብ"፣ "ቀህዋ" "ገህዋ" ይሆናል። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው በልጅነቱ ከቀራቸው ቃላት ብዙዎቹን በሰዎች አፍ ውስጥ ያገኛቸዋል።

ሰዋስዉም ዘመዳችን ነው። ወንዱን "ንገረኝ"፣ ሴቷን "ንገሪኝ" የምንል ሰዎች ነን። ዐረቡም ወንዱን "ተዓል" ብሎ ሲጠራ ሴቷን "ተዓሊ" ይላታል፤ "ትፈልጋለህ" ለማለት "ትብጋ"፣ "ትፈልጊያለሽ" ለማለት "ትብጊ" ይላል። የእኛ "ትፈልጊ" መጨረሻ ላይ ያለችው "ኢ" እዚያም አለች። እንግሊዛዊ ይህን እንደ እንግዳ ነገር ይማረዋል፤ እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነው። ድምፁስ? በራያ ገበያ አማርኛው፣ ትግርኛውና ኦሮምኛው አብሮ ይገበያያል፤ የትግርኛን "ሐ" እና "ዐ" ለይቶ የሰማ ጆሮ ሌላው የሚቸገርበትን የዐረብኛ ጉሮሮ ቀድሞ ለምዶታል። ይህን ሀብታችሁን አትናቁት።

በአንድ ቀን ብዙ ክፍል ማየት አያስፈልግም። የሁለት ደቂቃ ንግግር ምረጡ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ ቀጥሎ የሰማችሁትን በፊደል ጻፉት፤ ከዚያ ከተዋናዩ ጋር እኩል፣ በእሱ ፍጥነትና በእሱ ቁጣ ተናገሩት። ቃል ለብቻው አትሸምድዱ፤ ከነአገባቡ ያዙት። የምትሄዱበትንም ከተማ አስቡ፤ "የት" ለማለት ጅዳ "ፌን" ስትል ሪያድ "ወይን" ትላለች፤ "አሁን" በጅዳ "ዳሒን"፣ በሪያድ "አልሒን" ነው።

"ፌን ራቲቢ?" "ደመወዜ የታለ?" ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ሙሉ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትጠይቅ እህት መብቷን ለማስከበር አንድ እርምጃ ቀድማለች። እኔ ቋንቋ ተማሩ የምለው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

የሰውን አገር የመንገድ አፍ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው በወጣቶች ደሴት ተምረዋል። የተመለሱት የኩባን ስፓኒሽ ይዘው ነው፤ የቃላት መጨረሻ ላይ "ስ"ን የሚውጠውን፣ የመንገዱን ስፓኒሽ። እነሱ እዚያ ኖረው ያገኙትን ዛሬ ሳይሄዱ መጀመር ይቻላል።

ስለዚህ የጎብዬ ልጆች፣ ቪዛ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ ትዕይንት ክፈቱ። ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሰች ጎረቤት ካለቻችሁ ቡና አፍሉና ጥሯት፤ አብራችሁ እዩት፣ ያልገባችሁን ጠይቋት፤ እሷም የጎደላትን ከእናንተ ጋር ትሙላ።