ብርን በመዳመጫ ማሽን ማቅጠንና ጥለት ማተም

ብርን በመዶሻ ማቅጠን ይቻላል። ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ ላዩ ላይ የቅጠል ሥር ወይም የዳንቴል ዐይን የታተመበት ሰሌዳ ለማውጣት ግን መዳመጫ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ሁለት ጠንካራ የብረት ሲሊንደሮች፣ ክፍተታቸውን የሚያጠብ ብሎንና የሚዞር እጀታ አሉት። ማቅጠን ተደጋግሞ ይሠራል፤ ማተም ግን አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚሠራው ሁሉ ለዚያች አንድ ዙር ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ የያዙትን ብር ይወቁ። 925 የሚባለው 7.5 በመቶ ሌላ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ፣ አለው። የማሪያ ቴሬዛ ብር ደግሞ ንጹሕ ብሩ 83 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይደድራል፤ ከ780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮም መቅለጥ ስለሚጀምር እሳት ላይ ዐይን አይነቀልበትም። ጽሑፉና ምስሉ የሚነበበውን ማሪያ ቴሬዛ ግን እባክዎ አያቅልጡ፤ እንዳለ በድሪ ላይ ቢንጠለጠል ይሻላል።

ቀልጦ የፈሰሰውን ብር በቀጥታ ማሽን ውስጥ አይክተቱ። መስፍ ላይ በሁሉም ጎኑ በመዶሻ ይደቁሱት፤ የተሰነጠቀ ጠርዝ ካለ በሞረድ ያንሡ። ስንጥቅ በማሽን አይድንም፣ ይረዝማል እንጂ።

ቀጥሎ ብሩን በእሳት ያለስልሱ። ቀን ብርሃን ላይ የብሩ ቅላት አይታይምና መጋረጃ ይዝጉ ወይም መብራት ያጥፉ። እሳቱን አንድ ቦታ ሳያቆሙ ያዟዙሩት፤ ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን (650 ዲግሪ አካባቢ ነው) እሳቱን ያንሡ። ቅላቱ ሲጠፋ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ጥቁረቱን በሞቀ የሲትሪክ አሲድ ውኃ ያስለቅቁ፣ ይጠቡ፣ ከዚያ አጥብቀው ያድርቁ። እርጥብ ብር ሲሊንደሩን ያዝጋል፤ የዛገች ነጥብ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚያልፈው ብር ሁሉ ላይ ትታተማለች።

አሁን ያቅጥኑ። ክፍተቱን በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ያጥብቡ፤ እጀታው በኃይል ካልሆነ የማይዞር ከሆነ አብዝተዋል። ብሩ የሚያድገው በቁመቱ ነው፦ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ 0.8 ሲደርስ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ወይም አቅጣጫውን ማዞር ሲፈልጉ፣ እንደገና ያለስልሱት። ሰሌዳው ወደ ቀኝ እየጠመመ ከወጣ የግራው በኩል ይበልጥ ተጨፍልቋል ማለት ነው፤ ሲሊንደሮቹን ያስተካክሉ። መታተሙ ራሱ ስለሚያቀጥነው ከሚፈልጉት ውፍረት ጥቂት ቀደም ብለው ያቁሙ።

ለማተም የደረቀ ቅጠል፣ ስስ ዳንቴል፣ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይሆናል። እኔ ሻሽን አስቀድማለሁ፤ ክሩ አንድ በአንድ ተለይቶ ይወጣል። የብረት ወንፊት ከመረጡ ሲሊንደሩን እንዳይቧጭር ከላይም ከታችም የነሐስ ሰሌዳ ያልብሱት። ብሩን እንደገና ያለስልሱና ያድርቁ፤ ሻሹን በላዩ፣ ለስላሳ የነሐስ ቁራጭ በሻሹ ላይ ይደርቡ። መጀመሪያ ግን በብሩ ፈንታ እኩል ውፍረት ባለው የለሰለሰ መዳብ ይሞክሩት፤ ምን ያህል ማጥበቅ እንደሚገባ የሚነግርዎት እሱ ነው። ከዚያ ብሩን ያስገቡና እጀታውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ያዙሩት። መሐል ላይ ከቆሙ አግዳሚ መስመር ይቀራል፤ ሁለተኛ ዙር ከደገሙ ጥለቱ ይደራረባል። እጅጌና ነጠላ ይሰብሰብ፣ ፀጉር ይታሰር፤ ብሩን የሚያስገባ ጣት ከሲሊንደሩ ይራቅ።

የታተመውን ሰሌዳ ከዚህ በኋላ በብረት መዶሻ አይንኩት፤ ማጉበጥ ካስፈለገ የእንጨት መዶሻ ይጠቀሙ። ማሽኑን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያም ዘይት በነካው ጨርቅ ይወልውሉ፤ ሲሊንደሮቹን ጥቂት አላልተው ይሸፍኑት።