የቴስታታ ብሎን ለምን በልክ ይታሰራል?

ከአዋሽ ተነሥቶ በሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚጓዝ የጭነት መኪና ከ1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ይወጣል። አጠቃላይ ክብደቱ 8000 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ለከፍታው ብቻ 63 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ መሥራት ይኖርበታል። ከነዳጁ ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠው ግን ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ሞተሩ ይግላል። ከመጠን በላይ ሲግል ቶሎ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል የሚገኘው ጓርኒሲዮን ነው። እርሱ ሲቃጠል ውኃና ዘይት ሊቀላቀሉ፣ መኪናውም ዳገት ላይ ሊቆም ይችላል። ጓርኒሲዮኑን ጨምቀው የሚይዙት የቴስታታው ብሎኖች ናቸው።

ለመሆኑ ብሎኖቹ ምን ያህል ኃይል ይቋቋማሉ? የሲሊንደሩ ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግፊቱ 100 ባር ሲደርስ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 78,500 ኒውተን፣ ማለትም የ8 ቶን ክብደት ያህል ይሆናል። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር ይህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 1000 ጊዜ ይደጋገማል።

ብሎን ይህን የሚቋቋመው እንደ ሞላ ስለሚሠራ ነው። ሲታሰር በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ በሚያደርገው ጥረትም ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር ያጣብቃል። የሚፈለገው ይህ ውጥረት ነው። ቶርክ ሬንች የሚለካው ግን ውጥረቱን ሳይሆን ቶርኩን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቀመር እንደሚከተለው ነው፦

ቶርክ = ክ × የብሎኑ ዲያሜትር × ውጥረት

«ክ» በሰበቃ መጠን ይወሰናል። ከምንሰጠው ቶርክ 90 በመቶ ገደማ የሚውለው ሰበቃን ለማሸነፍ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላለው ብሎን 100 ኒውተን ሜትር ብንሰጥ፣ ብሎኑ ደረቅና ንጹሕ ሲሆን (ክ = 0.20) ውጥረቱ 41,700 ኒውተን ገደማ ነው። ዘይት ሲቀባ (ክ = 0.15) ግን 55,600 ይደርሳል። የሬንቹ ንባብ ሳይለወጥ ውጥረቱ በሲሶ ጨመረ። ክንድም ቢሆን የሚሰማው ቶርኩን እንጂ ልጠጣውን አይደለም፤ ስለዚህ የእጅ ልምድ ብቻውን አይበቃም።

በመሆኑም በጭሮም ሆነ በገለምሶ ጋራዥ የሚሠራ ባለሙያ የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባዋል።

1. የብሎኑ ጥርስ ይጸዳል፤ ዘይት የሚቀባው የሞተሩ መመሪያ በሚያዝዘው መሠረት ብቻ ነው።
2. ጓርኒሲዮኑ እኩል እንዲጨመቅ ብሎኖቹ ባብዛኛው ከመካከል ወደ ዳር፣ በተለያዩ ደረጃዎች ይታሰራሉ።
3. አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረትን እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ መመሪያው ሌላ ካላዘዘ በቀር ሥራው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይከናወናል።
4. በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የመጨረሻው ደረጃ በዲግሪ ይለካል፤ የዙሩ መጠን ልጠጣውን ከቶርክ ይበልጥ በትክክል ያመለክታልና። መመሪያው አዲስ ብሎን ካዘዘ አሮጌውን መልሶ ማሰር አይገባም።

መልመጃ፦ ዝገት «ክ»ን ወደ 0.30 ቢያደርሰው፣ በ100 ኒውተን ሜትር ቶርክ የዚያው ብሎን ውጥረት ስንት ይሆናል? ውጤቱን ከንጹሑ ብሎን ጋር አነጻጽራችሁ፣ ጭነት የያዘው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ጓርኒሲዮኑ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስረዱ።