የሚንጠባጠብበት ሁሉ የሚያፈስበት አይደለም

በልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ጋራዡ ገባች። መሪዋ ይከብዳል፤ ሲዞር ፓምፑ ይጮኻል፤ ከሥሯም ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል። ዘይቱ ከመሪው ራክ ላይ ሲወርድ ስላየሁ «ራኩ ይቀየር» ብዬ ጻፍኩ። ዋናው መካኒክ ግን «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጥረገው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁሉንም አጽድተን፣ ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልተን ሞተሩን አስነሳን። ጓደኛዬ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞር (ጥግ ላይ ከ5 ሴኮንድ በላይ ሳይይዝ) እኔ በባትሪ ከላይ ጀምሬ ተመለከትኩ። ግፊት ያለበትን ቱቦ በእጅ መዳሰስ አደገኛ ስለሆነ በዓይን ብቻ ነው። መጀመሪያ የረጠበው ከራኩ በላይ ያለው የመመለሻ ቱቦ ጫፍ ነበር፤ ላስቲኩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ራኩ ምንም አልሆነም!

ቱቦውንና ማሰሪያውን ቀይረን ዘይት ሞላን። አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስተን፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጥግ ጥግ ደጋግመን አዞርን። ከዚያ አስነስተን አረፋው እስኪጠፋ ደገምነው። ጩኸቱም ቆመ።

በኔ ችኮላ ባለመኪናው ለደህና ራክ ሊከፍሉ ነበር። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከመፍታታችን በፊት እንጥረግ።