ቪዲዮን በዲቪዲ ልክ ስለ መለወጥ

በጉጂ ምድር የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሥርዓቱም የሚፈጸመው በመኤ ቦኮ ነው። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። የክብረ መንግሥትና የአካባቢው መምህር፣ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱለት፣ ይህን ሥርዓት በስልክ ቢቀርጽ ለልጆች መልካም ትምህርት ያቆያል። ነገር ግን ቪዲዮውን እንዳለ በዲስክ ላይ ቢገለብጠው፣ ኢንተርኔት በማይደርስበት መንደር ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሊያነበው አይችልም። ዋናውም ቅጂ ከጠፋ፣ ያን ሥርዓት እንደገና ለመቅረጽ 8 ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ የዲስክን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቪዲዮ ሥዕል የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የነጥቦቹ ቍጥር በአግድምና በቁም ሲቈጠር ሬዞሉሽን ይባላል። ብዙ ስልኮች 1920 በ1080 አድርገው ይቀርጻሉ። በ1989 ዓ.ም. በጃፓን ለሽያጭ የወጣው ዲቪዲ ግን የተወሰነ ልክ አለው። ፓል በሚባለው፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት በተከተለው ደንብ፣ ልኩ 720 በ576 ሲሆን በሴኮንድ 25 ሥዕል ያልፋል። በአሜሪካና በጃፓን ደንብ ደግሞ 720 በ480 ሲሆን በሴኮንድ 29.97 ሥዕል ያልፋል። የቁም ጸሐፊ ከትልቅ ብራና ወደ ትንሽ ሲገለብጥ ፊደሉን ያሳንሳል እንጂ ቃሉን አይቈርጥም፤ ቪዲዮንም የሚለውጥ ሰው እንዲሁ ያደርጋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዋናው ቅጂ ሳይነካ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ነጥቡ አንድ ጊዜ ከተቀነሰ በኋላ፣ ሥዕሉን መልሶ ማስፋት የጠፋውን አይመልስም።

2ኛ፤ በኮምፒዩተር ላይ ያለ ዋጋ በሚገኘው በዲቪዲ ስታይለር ወይም በመሰለው ፕሮግራም ፓል፣ 720 በ576 ይመረጥ። የስልኩ ሥዕል ወርዱና ቁመቱ 16 ለ9 ስለ ሆነ፣ በፕሮግራሙም 16 ለ9 የሚለው ይመረጥ። በስሕተት 4 ለ3 ቢመረጥ ሰዎቹ ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ። ስልክ በቁም ተይዞ የተቀረጸ እንደ ሆነ፣ በግራና በቀኝ ጥቁር ስፍራ ይተውለት እንጂ ሥዕሉ አይለጠጥ።

3ኛ፤ የሥዕሉ ዓይነት ኤምፔግ 2፣ የድምፁም ልክ 48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን።

4ኛ፤ የዲስኩ ስፍራ አስቀድሞ ይታሰብ። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ ይህም 37,600 ሚሊዮን ቢት ነው። ቪዲዮው 2 ሰዓት ማለት 7,200 ሴኮንድ ቢሆን፣ ሲካፈል ለአንድ ሴኮንድ 5.2 ሚሊዮን ቢት ያህል ይደርሳል። ከዚህ ለድምፁና ለመጠባበቂያ ሲቀነስ፣ ለሥዕሉ 4.8 ሚሊዮን ቢት ይበቃል። ቪዲዮው አጭር ቢሆንም የሥዕሉ መጠን ከ9.8 ሚሊዮን ቢት ማለፍ አይገባውም፤ ከዚያ ያለፈውን ማጫወቻው ሊያነበው አይገደድም።

5ኛ፤ ዲስኩ ከተጻፈ በኋላ መዝጊያው ይፈጸም፤ ያልተዘጋ ዲስክ በጻፈው ኮምፒዩተር ቢነበብም በሌላ ማጫወቻ ላይነበብ ይችላል። በመጨረሻም ዲስኩ በኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን፣ በሚታይበት መንደር በሚገኘው ማጫወቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይፈተን።

በሲዲ ላይ ለሚጻፈው ቪሲዲ ልኩ 352 በ288፣ ዓይነቱም ኤምፔግ 1 ነው። ሥዕሉ ከዲቪዲ ያነሰ ነውና፣ ዲቪዲ ማግኘት ለማይቻልበት ብቻ ይሁን።

እንግዲህ መምህሩ ልኩን ቢጠብቅ፣ ሽማግሌው በዲስኩ ላይ ራሱን ሳይቀጥንና ሳይጠብ እንደ መልኩ ያያል፤ ልጆችም ቃሉን ሳይቈራረጥ ይሰማሉ። ዋናውን ቅጂ በሁለት ስፍራ ማስቀመጥም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ይሁን፤ ዲስክ ይጫራልና።