ስለ ተደጋገመ ስሕተት
ከመርፌና ከክር የሚገኝ ትምህርት

የሰው እጅ በሥራ ብዛት ይለምዳል እንጂ ለምዶ አልተወለደም። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን አንዱን ስሕተት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የደገመ ሰው ያወቀውን ይረሳና «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ሥራውን ይጥላል። ስለዚህ የተደጋገመ ስሕተት ከወዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታረም በትንሽ ምሳሌ ልንመለከት አስበናል።

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ያለው አገር ዝናም የሚበዛበት፣ ደንና ቡና የሞላበት ነው። በየገበያው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች ሲቀዱ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ጨርቅ ቢለቀም፣ በልክ ተቆርጦና ተጋጥሞ የአልጋ ልብስ ይሆናል። እኛም ከጥቂት እናቶች ጋር ሆነን በሸኮ ይህንኑ ጀመርን። አራት አራቱን ቁራጭ አጋጥመን ስንሰፋ ግን ጥጉ ከጥጉ አልገጥም አለ። ተርትረን ሰፋነው፤ ተጣመመ። ዳግመኛም ተርትረን ሰፋነው፤ እንደ ፊተኛው ሆነ። በዚህ ጊዜ አንዲት ወጣት መርፌዋን አስቀምጣ «እማማ፣ የኔ እጅ አይረባም፤ ጨርቁን ከማበላሽ ልተወው» አለች። ጨርቁ ለድኻ ቤት ገንዘብ ነውና ኀዘንዋ ከንቱ አልነበረም።

አሮጊቲቱም «ልጄ፣ ስፌቱን ተዪውና ያልተሰፋውን ቁራጭ አምጪው» አሏት። ቁራጮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ቢደራርቡት እኩል የሆነ አልተገኘም። ለካ ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ እየለካን ቆርጠን ኖሯል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፊተኛው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥ፣ ዐሥረኛው ከመጀመሪያው በ18 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ጥፋቱ በመቀሱ ሳለ እኛ መርፌውን ስንወቅስ ቆየን ማለት ነው። ስሕተቱ የተደገመው በታየበት ስፍራ እንጂ በተወለደበት ስፍራ ስላልታረመ ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ከወፍራም ካርቶን አንድ ልክ ይቆረጣል፤ ሁሉም በእርሱ ይለካል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባልና ሳይቆረጥ አስቀድሞ ይታጠባል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና የክሩን አቅጣጫ ተከትሎ መቁረጥ ይገባል። ሁሉም ከመሰፋቱ በፊት አንዱ ተሰፍቶ ይለካል። ዓይን ሲደክም ሥራው ይቆማል፤ በድካም የተሰፋውን ነገ መተርተር አይቀርምና። መተርተርም ውርደት አይደለም፤ ጨርቁ ሳይቀደድ ክሩን ቀስ ብሎ ማውጣት ራሱ አንድ ሙያ ነው።

በዚህ ነገር የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ቅዱስ ያሬድ አብነታችን ነው። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጡት ሸሸ። በማይ ኪራህ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅና በሰባተኛው ጊዜ ሲወጣ ተመለከተ። እርሱም ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ለመነ፤ መምህሩም ተቀበሉት። ያ ትምህርት አይገባውም የተባለው ልጅ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለቤተ ክርስቲያን አስገኘ።

እንግዲህ ከትሉ ትዕግሥትን፣ ከአሮጊቲቱ ምርመራን እንማራለን። ትዕግሥት ያለ ምርመራ ያንኑ ጠማማ ስፌት ይደግማል፤ ምርመራም ያለ ትዕግሥት ጥፋቱን አውቆ ሥራውን ይተዋል። ይልቁንም የምናስተምር ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባናል። ደቀ መዝሙሩ በአንድ ንባብ ላይ ደጋግሞ ቢሰናከል፣ ከመቈጣታችን በፊት ከፊደል ወይም ከቀደመው ትምህርት የጎደለ ነገር እንዳለ ወደ ኋላ ተመልሰን እንመርምር። በችኮላ ቃል ስንቱን ከደጃችን አሳደን ይሆን?

በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶች የሠራችላቸውን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያሳዩ እንዳለቀሱ ተጽፏል (የሐዋ. ሥራ 9፥39)። ስንት ጊዜ እንደ ተረተረች ግን አልተጻፈም። ያችም ወጣት በማግሥቱ ካርቶኑን ይዛ መጣች፤ ጥጉም ገጠመ።