የመኳኳል ማስተማሪያ ቪዲዮ ገዝቶ መማር ያዋጣልን? ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መነሻ ያደረገ አጭር ትንተና

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ሙሽራ በማስዋብ ሥራ ለመተዳደር የምትሻ ሠልጣኝ በክፍያ የሚሸጥ የመኳኳል (ሜካፕ) ማስተማሪያ ቪዲዮ ብትገዛ ያዋጣት እንደሆነ ይመረምራል። ትንተናው ስለ ክህሎት ትምህርት፣ ስለ መረጃ ግብይትና ስለ ዓይን ጤና በሚታወቁ ግኝቶች እንዲሁም በአካባቢው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ድምዳሜውም የእጅ ልምምድና የሚያርም ሰው በሌሉበት ቪዲዮን በግል መግዛት እንደማያዋጣ፣ ለሠልጣኞች ቡድን በጋራ ሲገዛ ግን ሊያዋጣ እንደሚችል ያመለክታል።

1. መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሙሽራን ማስዋብ አዲስ ሙያ አይደለም። ሹሩባ መሥራት፣ እንሶስላ ማሰርና ኩል መኳል ከእናት፣ ከአክስት ወይም ከጎረቤት የሚወረሱ ሙያዎች ናቸው። ተማሪዋ አጠገብ ተቀምጣ ታያለች፤ ትሞክራለች፤ ስትሳሳት ትታረማለች። ፋውንዴሽን፣ የዓይን ቅብና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ግን ወደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የደረሱት ይህን የመሰለ የአካባቢ አስተማሪ ሳይከተላቸው ነው። ክፍተቱን የሞላው የስልክ ቪዲዮ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ በመዋሉ ከሩቅ ከተማ ትምህርት መግዛት ቀሏል። የክፍያው መቅለል ግን ግዢው አዋጭ መሆኑን አያሳይም።

2. ማየትና መቻል

ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው የማኅበራዊ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ፣ ከሌላ ሰው አይቶ መማር አራት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ማስተዋል፣ በአእምሮ መያዝ፣ ደግሞ መሥራትና መነሣሣት ናቸው። ቪዲዮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያግዛል፤ ሦስተኛውን ግን ለተመልካቿ ይተወዋል።

ካርዳስና ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህን ክፍተት በሙከራ አሳይተዋል። አንድን ክንውን በቪዲዮ 20 ጊዜ የተመለከቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከተመለከቱት ይልቅ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት አድሮባቸዋል፤ ሲሠሩት ግን የተሻለ ውጤት አላሳዩም። የሥራውን ዕቃ ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው የያዙት ደግሞ ከልክ ያለፈው መተማመናቸው ቀንሷል። ይህ ለሙሽራ አስዋቢ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ችሎታዋን ሳትፈትን በራሷ የተማመነች ጀማሪ ስሕተቷን የምታውቀው ሙሽራዋ ዳስ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

3. ሳያዩ የመግዛት ችግር

ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳመለከተው፣ መረጃ የሚገዛ ሰው መረጃውን ሳያውቀው ዋጋውን ሊመዝን አይችልም፤ ካወቀው ደግሞ ለመግዛት ምክንያት አይኖረውም። የትምህርት ቪዲዮ ገዢም በዚሁ አጣብቂኝ ውስጥ ናት። ከመክፈሏ በፊት የምታየው ያማረ ፊት ነው፤ ያማረ ፊት ግን የሠሪዋን ችሎታ እንጂ የማስተማር ብቃቷን አያሳይም። የመብራቱና ምስልን የሚያሳምረው የስልክ ማጣሪያ ድርሻም ከችሎታው ተለይቶ አይታይም። በዚህ ላይ መሠረታዊዎቹ ደረጃዎች፣ ማለትም ፊትን ማጽዳት፣ ቀለም መምረጥና ማዋሐድ፣ ያለ ክፍያ በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ የሚከፈልበት ቪዲዮ ሊመዘን የሚገባው በነጻ ከሚገኘው በላይ በሚጨምረው ብቻ ነው። ከሚጨምራቸውም ሁሉ ዋጋ ያለው የተማሪዋን ሥራ አይቶ የሚያርም ሰው ነው።

4. ቪዲዮው የተሠራበትና የሚሠራበት ቦታ

የፊት ቀለም ትምህርት ከቆዳ ዓይነትና ከብርሃን ተለይቶ አይቆምም። ለቆዳ ሕክምና የሚያገለግለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ነጭ ቆዳን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። የኮዳክ የቀለም ፎቶግራፍ ማስተካከያ ካርዶችም ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴትን ፊት መነሻ አድርገዋል። በሌላ ቆዳ ላይ የተቀረጸ ትምህርት በጋይንት ሙሽራ ፊት ላይ እንዳለ ሲገለበጥ አመድማ ገጽታ ሊሰጥ ይችላል።

ከፍታውም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በአንጻሩ የስማዳ ቆላ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳል፤ ሙቀትና ላብ የሚያይሉበት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በሰው ሠራሽ መብራት የተቀረጸ ትምህርት ለደጋው ፀሐይም ሆነ ለቆላው ላብ መልስ ላይሰጥ ይችላል።

5. የዓይን ጤና

የአማራ ክልል የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ጫና ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ደቡብ ጎንደርም ለረጅም ጊዜ የመከላከል ሥራ የተካሄደበት ዞን ነው። በሽታው ከታመመ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ አማካይነት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንዱን መኳያ ወይም የዓይን ብሩሽ ከሙሽራዋ ወደ ሚዜዎቿ ማዘዋወርም ለዚሁ ፈሳሽ መንገድ ይከፍታል። ኩሉም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ በተለያዩ አገሮች በተመረመሩ የኩል ዓይነቶች ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ተገኝቷል። ስለ መኳያ ንጽሕና፣ ስለ ኩሉ ምንጭና ቅባትን አስቀድሞ በትንሽ ቆዳ ላይ ስለ መፈተን የማያስተምር ቪዲዮ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ አካባቢ ያልተሟላ ነው።

6. የአዋጭነት ስሌት

የቪዲዮው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በቀጥታ ደጋግሞ መመልከት ደግሞ ይህንኑ ወጪ ያባዛል። በክልሉ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ እንዳሳየው፣ ስልክ ላይ የማይቀመጥ ቪዲዮ ገንዘብ ተከፍሎበትም ከእጅ ሊወጣ ይችላል። ለልምምድ የሚያልቀው ቅባትና ቀለምም መታሰብ አለበት።

ገቢው ደግሞ ወቅታዊ ነው። የሠርጉ ዋና ወቅት በገና ጾም ፍጻሜና በዐቢይ ጾም መካከል ይውላል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፤ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። ስለዚህ የሥራው ወቅት አንዳንድ ዓመት ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም፤ ሌላ ጊዜ ሁለት ወር ይሞላል። ጠቅላላ ወጪው 3,000 ብር፣ ትምህርቱ ከአንድ ሙሽራ የሚያስገኘው ተጨማሪ ትርፍ 300 ብር ነው ተብሎ ለምሳሌ ቢታሰብ፣ ወጪውን ለመመለስ 10 ሙሽሮች ያስፈልጋሉ። ወቅቱ ባጠረበት ዓመት ይህን ቁጥር ለጀማሪ ማግኘት ቀላል አይሆንም። አሥር ሠልጣኞች በአስተማሪዋ ፈቃድ በጋራ ቢገዙት ግን የቪዲዮው ዋጋ ለእያንዳንዷ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ እርስ በርስ መለማመጃ ፊትም ያገኛሉ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና አራት የግዢ መስፈርቶች ይወጣሉ። ቪዲዮው በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን ጭምር ሊያሳይ ይገባል፤ ስልክ ላይ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት መታየት አለበት፤ የንጽሕና ትምህርትን ማካተት አለበት፤ የተማሪዋን ሥራ የሚያርም ሰውም ሊኖረው ይገባል። አራተኛው ከጎደለ በከተማው ባለ ውበት ሳሎን በረዳትነት መሥራት ቢተካው ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አገር አቀፍ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ብቃት በማንኛውም መንገድ ቢገኝ በምዘና ሊረጋገጥ እንደሚችል ይቀበላል። ስለሆነም በቪዲዮ የተማረችም ሆነች በሳሎን የሠለጠነች በአንድ ሚዛን ልትመዘን ትችላለች። ቀጣይ ጥናት ሦስት ቡድኖችን ሊያነጻጽር ይገባል፤ ቪዲዮ ብቻ ያዩ፣ በሳሎን ብቻ የሠለጠኑና ሁለቱንም ያጣመሩ። ሥራቸውም የየትኛው ቡድን እንደሆነ በማያውቁ ዳኞች ሲመዘንና የመሣሪያ ንጽሕናቸው በነጥብ ሲያዝ፣ ሠልጣኟ ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት በመረጃ የተደገፈ ምክር ማግኘት ትችላለች።